እናቴ አማርኛ ፍለጋ የሄደችበት ቤት

እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ብትዋሽልኝ ኖሮ ዛሬ ከእሷ ጎን ነበርኩ። ይህን ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ እናቷን ዋሺልኝ አትልም። እኔ ግን ብያታለሁ፤ በስልክ፣ እያለቀስኩ፣ ደጋግሜ።

የተወለድኩት ሞጣ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ወገኖቿም ከጎንደር በኩል የመጡ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። ወይስ ነበሩ ልበል? ጣጣው እሱ ነው። አያቴ ልጅ ሳሉ ሚሲዮናውያን ሰፈራቸው ገብተው ስለ ክርስቶስ ያስተምሩ ነበር። ያኔ የነበረው መንግሥት ማስተማሩን ፈቀደ፤ ግን የራሳችሁን ቤተ ክርስቲያን አትትከሉ፣ ያመነውን የሚያጠምቀው የእኛ ካህን ነው አላቸው። እናም አያቴ ከፈረንጅ ተምረው በአገራቸው ቄስ ተጠመቁ። ፈረንጁም ደስ አለው፣ መንግሥትም ደስ አለው። የገዛ ዘመዶቻቸው ግን ማዕድ ለዩባቸውና አያቴ ጓዛቸውን ጭነው ወደ ጎጃም ተሻገሩ።

ጎጃምም ቢሆን እጁን ዘርግቶ አልተቀበለንም። ማተብ አሰርን፣ ጾሙን ጾምን፣ ልጆቻችንን ክርስትና አስነሣን፤ ሰው ግን ገንቧችንን ገዝቶ ቤታችን ውኃ ሳይጠጣ ይሄዳል። እናቴ በዚህ ብዙም አትናደድም ነበር። እሷን የሚያናድዳት ውሸት ነው። ገበያ ተቀምጣ ስትሸጥ ገንቦውን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ታዳምጥና፣ ገዢዋ ሳትጠይቃት «ይቺ ነቅ አለባት፣ ሌላ ውሰጅ» ትላለች።

አንድ ጊዜ ጎረቤት አጥራችንን ገፍቶ ገባብን። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና «ድንበሩ ሲተከል አይቻለሁ ብለሽ ማይና ይርጋልሽ» አሏት። ድንበሩ ሲተከል እሷ እኔን ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። መሬቱ የእኛ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ፤ የፈለጉት አንዲት ቃል ብቻ ነበር። «አላየሁም» አለች። የጓሯችን ግማሽ በዚያው ሄደ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፋት። እሷ «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው» አለችና ጭቃዋን መርገጥ ቀጠለች።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ወርደው፣ ጸሎቱን ተምረው፣ ወደ አባቶቻችን ሃይማኖት ተመልሰናል ብለው፣ ዓመታት ጠብቀው እስራኤል ገቡ። እኔ ያኔ ባል አግብቼ ቢቸና ነበርኩና የአንቺ ፋይል ለብቻው ይታያል ተባልኩ። ትዳሬ ብዙ አልቆየም። ፋይሉ ግን ቆየ። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ሰው ካርዴ ጠፋ ብሎ ሲቆጣኝ «ይታገሡ፣ ይገኛል» እላለሁ። ለራሴም እንደዚያው እያልኩ ኖርኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንደዋወላለን። መጀመሪያ መጀመሪያ ወሬዋ ሁሉ ብቸኝነት ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ወንድሜ ፋብሪካ ይውላል፤ ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱላትም። ደረጃው ላይ ሰው ስታገኝ ቆማ እንደ አገሯ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ትጠይቃለች፤ ሰውዬው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋታል። ኋላ አንድ ዓርብ ድምጿ ሳቅ ሳቅ ብሎ መጣ። «ሰው አገኘሁ» አለችኝ። ከሰፈሯ ወረድ ብሎ አንድ የጸሎት ቤት አለ፣ በአማርኛ ይዘመርበታል፣ ሻይ ይፈላበታል፣ ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንዴት ሰነበቱ ይላታል።

ቤቱን የከፈቱት አይሁድን ስለ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው። የአባቷን ታሪክ እያወቀች እንዴት አልፈራችም አትበሉኝ። እናቴን የወሰዳት ሃይማኖት አልነበረም። አማርኛ ርቧት ነው።

እዚያ ያለው መንግሥት ይህን ስብከት አይወደውም። ቤቱን አልዘጋውም፤ ዘመድ አምጡልኝ የሚሉትን ሰዎች ግን፣ ወደ ክርስትና የተመለሰ አለ ወይ ብሎ አንድ በአንድ ያጣራል። አንድ ጎረቤት ጠቆመባትና የእኔ ፋይል ሊታይ ሲቃረብ እናቴ ቃል እንድትሰጥ ተጠራች። አያቴን የአንድ አገር መንግሥት ማን እንደሚያጠምቃቸው ወሰነላቸው፤ ልጃቸውን የሌላ አገር መንግሥት የምን መዝሙር እንደምትሰማ ጠየቃት። ሁለቱም ለራሳቸው ሕግ ትክክል ናቸው ይባል ይሆናል። እኔን ማንም አልጠየቀኝ።

ወንድሜ ደወለልኝ። «አንቺን ትሰማለች፣ አልሄድኩም በዪ በያት» አለኝ። ያን ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁና ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ቆሜ ደወልኩላት።

«እማ፣ አላውቀውም በያቸው። አንዲት ቃል ናት።»

«ማይ ይሉኛል?»

«መሐላ የለውም። ፊርማ ብቻ ነው።»

«ፊርማስ መሐላ አይደል ልጄ?»

«እኔን ማየት አትፈልጊም?» አልኳት። ክፉ ንግግር እንደሆነ እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ስታለቅስ ሰማኋት፤ እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች።

የሆነውን የነገረኝ ወንድሜ ነው። አስተርጓሚው «እዚያ ቤት ሄደው ያውቃሉ?» ሲላት «እሄዳለሁ» አለች። ምን ያደርጋሉ ሲላት «አማርኛ እሰማለሁ» አለች። በዚህ ብታበቃ ምናልባት ያልፍ ነበር። እሷ ግን ማንም ሳይጠይቃት «ብርድ ልብስም ሰጥተውኛል» ብላ ጨመረችበት። ያንን ስሰማ አንጀቴ እያረረ ሳቅኩ። የነቃውን ገንቦ እየጠቆመች የምትሸጥ ሴት ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

ከወራት በኋላ መልሱ መጣ፤ ጥያቄዬ ተቀባይነት አላገኘም። ተናደድኩ። ለጓሮው አጥር ያልዋሸች፣ ለእኔም አልዋሸች፤ በእሷ ዘንድ እኔና አጥሩ አንድ ነን ብዬ ነበር የማስበው። ለሁለት ወር ስልኳን አላነሣሁም። አንድ ቀን የእሷ እኩያ የሆኑ እናት ካርድ ሊያወጡ መጥተው ስማቸውን ስጽፍ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። በቀጣዩ ዓርብ ደወልኩ።

እሷ ስለ ኩርፊያው አላነሣችም። «ትቼዋለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እዚያ ቤት መሄዱን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልረገጥኩትም። ንጹሕ መሆኔን ሲያዩ ያንቺን ነገር መልሰው ያነሡታል።»

ጉዳዩ ዳግም እንደማይታይ ወንድሜ የያዘልኝ ጠበቃ ገና መልሱ እንደመጣ ነግሮታል፤ ወንድሜ ለእኔ ነግሮኛል፤ ለእሷ ግን ሁለታችንም ሸሽገናል። እሷ ደግሞ አማርኛዋን ትታ አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ እኔን ትጠብቃለች። ዝም ብል ተስፋዋ ይቆይላት ነበር። የእኔም ይቆይ ነበር፤ እሷ እስካመነች ድረስ እኔም ከልቤ የተቆረጠልኝ አይመስለኝም ነበር። ሁለት ዓርብ ሳልነግራት ዘጋሁ። በሦስተኛው ነገርኳት።

«እማ፣ አይታይም። ጨርሶ ተዘግቷል። አንቺ ሂጂ።»

«ማን አለ?»

«ጠበቃው። ገና ያኔውኑ።»

ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ በማላውቀው ቋንቋ ሲያወራ ይሰማኛል። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«እንግዲያ ዓርብ ከዚያ መዋሌ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንቺ እሑድ ደውዪ።»

እሑድ ደወልኩ። መዝሙሩን ነገረችኝ፣ ሻዩን ነገረችኝ፣ ምነው ጠፉብን ብለው እንዴት እንደተቀበሏት ነገረችኝ። ድምጿ ደህና ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳታጓድል፣ ስልኩን የምትዘጋው «መቼ ነው የምትመጪ?» ብላ ነው። ያን ዕለት ጠበቅኳት። «ደህና ሁኚ ልጄ» ብላ ዘጋች።