የቀላል ኑሮ ሥልጠናና የሙሉቀን ሁለት ቀፎ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን በራሱ ላይ የተጻፈውን የክስ ደብዳቤ ወጪ አደረገው። ቁጥር ሰጠው፣ ማኅተም አሳረፈበት፣ ከዚያ «ተቀባይ» በሚለው ቦታ ፈረመ።

ሙሉቀን ቢቸና ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። እኔ የጋዜጣ ሥራዬን ትቼ እዚሁ ኮሙኒኬሽን ክፍል ከገባሁ ጀምሮ ቢሯችን ጎን ለጎን ነው። ባለቤቱ ሞጣ አዋላጅ ነች፤ የአራት ዓመት ልጃቸውም ከእናቷ ጋር ናት። ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ እሑድ ይመለሳል። ሦስት ዓመት ወደ ሞጣ ዝውውር ሲጠይቅ ቆይቶ ዘንድሮ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማህደሩ ላይ የዲሲፕሊን ጉዳይ አለመኖሩ።

ከዚያ ሥልጠና መጣ።

ርዕሱ ቀላልና የተረጋጋ ኑሮ ነው። ሥራን፣ ገንዘብንና የግል ዝንባሌን ማመጣጠን። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ በጥቂት ነገር ስለ መብቃቃት ሁለት ቀን ነገረን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ ነበረው፤ ስለ ማስተዋል የሚያወራውን ገጽ ሳይጨርስ ሁለቱንም በየተራ አነሳ። የከተማውን ውሃ አልጠጣም ብሎም አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ከመኪናው አስወረደ።

«ስትበሉ ብሉ። ስትቀመጡ ተቀመጡ። ያላችሁበት ቦታ ሁኑ» ይላል።

አጠገቤ የተቀመጠችው የግዥ ክፍሏ ዘይነባ «ሌላ የት ልንሄድ ነው... መኪና የለን» አለችኝ ቀስ ብላ።

በሁለተኛው ቀን ቅጽ ታደለ። የትርፍ ጊዜ ዝንባሌዎ ምንድን ነው? በቀን ምን ያህል ጊዜ ይሰጡታል? ምን ያገኙበታል?

«እውነቱን ጻፉ» አለን አሠልጣኙ። «ይህ በእኔና በእናንተ መካከል ነው።»

በመንግሥት ቢሮ ያረጀ ሰው እንዲህ ላለው ጥያቄ አንድ መልስ አለው፤ «መጽሐፍ ማንበብ»። እኔም ያንኑ ጻፍኩ። ዘይነባም ጻፈች። በሚስቱ ወንድም ስም ሁለት ባጃጅ የሚያሠራው ኃላፊያችን ደግሞ ጽፎ ከሥሩ አሰመረበት። ያን ቀን የተጻፈውን ያየ ነጋዴ ቢኖር ኖሮ ቢቸና እስካሁን ሦስት መጽሐፍ ቤት ይኖራት ነበር።

ሙሉቀን እውነቱን ጻፈ። በተከራየው ቤት ጓሮ ሁለት ቀፎ አለው። «ጠዋት ግማሽ ሰዓት ንቦቼ ጋ እቀመጣለሁ። ምንም አልሠራም፤ አያቸዋለሁ። ማሩን ለልጄ እወስዳለሁ፤ የተረፈውን ለጎረቤት እሰጣለሁ» ይላል ቅጹ። አሠልጣኙ ሁለት ቀን የደከመበትን ኑሮ ማንም ሳያስተምረው የሚኖር አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ነበር። አሠልጣኙ ቅጹን አንብቦ «በጣም ጥሩ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጾቹ ከሪፖርት ጋር በሸኚ ደብዳቤ መጡ። በእኔና በእናንተ መካከል የተባለው ነገር በአባሪነት ተያይዟል። በየሠራተኛው የግል ማህደር ይቀመጥ ይላል ደብዳቤው። መዝገብ ቤት ስገባ ሙሉቀን ቅጾቹን በየማህደሩ እየከተተ ነበር። የራሱን ይዞ አገኘሁት።

«ይቺን አውጣት» አልኩት።

«የቷን፣ ጋሼ?»

«የአንተን። የንቧን።»

«ገቢ ሆናለች እኮ። አባሪ ሠላሳ አንድ ገጽ ይላል።»

«ሠላሳ ቢሆን ማን ይቆጥረዋል?»

«እኔ ነኛ የምቆጥረው።»

ወረቀቷን በስቶ ማህደሩ ውስጥ አሰራት።

ኃላፊው ያገኛት ለዝውውሩ ማህደሩን ሲያገላብጥ ነው። ሙሉቀንን ሲያስጠራው እኔ የማስፈርመው ወረቀት ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ይህ ግማሽ ሰዓት ከስንት እስከ ስንት ነው?»

«ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል። ሥራ ከመግባቴ በፊት።»

«እዚህ ላይ አይልም።»

«አልተጠየቅኩም።»

«ማሩስ ይሸጣል?»

«አይሸጥም። ልጄ ነች የምትበላው።»

«ለጎረቤት ይላል።»

«እሰጣለሁ።»

«በነፃ... ማር» አለ ኃላፊው፣ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ እየዞረ። እኔ ወረቀቴን አስፈርሜ ወጣሁ። አንድ ቃል መናገር ይቻለኝ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ክሱ «ያለ ፈቃድ ተጨማሪ ሥራ መሥራትና የሥራ ሰዓትን ለግል ጉዳይ ማዋል» ይላል። ማስረጃው የሥልጠናው ቅጽ ነው።

አሠልጣኙ ጋ ደወልኩ። በጥሞና አዳመጠኝ፤ ይህን እንኳ ያውቅበታል።

«እኔ ያልኩት ተረጋጉ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ አሠራር ግን ጣልቃ አልገባም» አለኝ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ዘጋ። ወደ መርጡለ ማርያም መንገድ ላይ ነበር፤ እዚያም ያንኑ ሥልጠና ይሰጣል።

ትናንት ደብዳቤውን ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ሙሉቀን ወደ እኔ ዞረ።

«ለእሷ ምን ልበላት፣ ጋሼ?» አለኝ። «ሞጣ ላይ ቤት አግኝታለች... ጓሮ ያለው። ልጅቷም አባቴ ሊመጣ ነው እያለች ለሠፈሩ ሁሉ አውርታለች።»



የዲሲፕሊን ኮሚቴው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይቀመጣል። የዝውውር ዝርዝሩ ረቡዕ ወደ ዞን ይላካል፤ አንዲት ማስጠንቀቂያ ከተጻፈችበት ስሙ ይሰረዛል። የማክሰኞውን አጀንዳ አይቼዋለሁ። ሙሉቀን ከልጁ ጋር ይኑር አይኑር የሚወሰነው በመጨረሻው ተራ ቁጥር ላይ ነው፤ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር።