ዓሣውም ኮሶ አለበት

አጎቴ ጥሬ ሥጋ በመብላቱ የሚኮራ ሰው ነበር፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። «ኮሶ የማይታየው ሰው በሽተኛ ነው» ይል ነበር፣ የሆዱ ትል ከአባቱ የወረሰው ርስት ይመስል።

ቡሬ እየተማርኩ አጎቴ ቤት በምኖርበት ጊዜ፣ የወረዳው ባለሙያ ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ በመኪና አስጭኖ ፈጣም ወንዝ ውስጥ አስለቀቀ። ዓሣው ተዋለደና ክረምት በገባ ቁጥር እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ይወጣ ጀመር። ባለሙያው ቀበሌ ስብሰባ ላይ «ዓሣ ለወላድ ደም ይተካል» ብሎ አስጨበጨበ። እንዴት እንደሚበስል ግን አልተናገረም፤ ስለ ልማት ሲለፈልፍ መሸበት።

የአጎቴ ሚስት ገና አራስ ነበረች። አጎቴ ዓሣ ይዞላት መጣ። ሲሰነጥቀው ሥጋው ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ትል ይላወሳል።

«ኧረ ይህ ነገር ትል አለበት! ልቀቅለው» አለች።

«ምነው? እሱም እንደኛ ኮሶ ይታየዋል። ጤነኛ ዓሣ ነው! እሳት ጉልበቱን ይጨርሰዋል» አለና በአዋዜ ነክሮ አጎረሳት። የባል ጉርሻ አይመለስም፤ ዋጠችው። ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ አጎረሳት። እሱም በላ፤ እሱን ምንም አላለው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይነካዋል!

በጋው ሲገባ ፊቷ ገረጣ፣ ቆማ መሄድ አቃታት፣ ጡቷ ነጠፈ። አጎቴ «እሰይ፣ ኮሶ ታያት!» ብሎ ለዚያች አቅመ ቢስ ኮሶ ሊወቅጥላት ተነሳ። ጎረቤት ጠርቼ በግድ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰድናት። ነርሷ ትሉ ከጥሬ ዓሣ እንደመጣና ደሟን እንደጨረሰው ነገረችን። በኪኒን ዳነች። ወተቷ ግን አልተመለሰም። አጎቴ ነርሷን «የከተማ ልጅ ምን ታውቃለች!» ብሎ ሳቀባት።

በሚቀጥለው ክረምት ባለሙያው አጎቴን «ሞዴል ዓሣ ተመጋቢ» ሊለው ቤታችን መጣ። የአጎቴ ሚስት ጥሬውን ዓሣ ቆርጣ በአዋዜ አቀረበች፤ ከዚያ ጠቅልላ ወደ ባለሙያው አፍ ዘረጋች።

«ይጉረሱ ጌታዬ፤ ደም ይተካል።»

ባለሙያው ትሉን አየው። ስብሰባ እንዳለበት ትዝ አለውና ጫማውን በቅጡ ሳያስር ወጣ።

እጇን ወደ ባሏ አዞረች። «እርስዎስ?»

ሚስቱ ስትገረጣ ያላመነ፣ ነርስ ስትነግረው የሳቀ ሰው፣ የመንግሥት ሰው ሲፈራ አይቶ አመነ። አፉን በጋቢው ሸፈነ።

እሷም ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ፣ ለልጇ የላም ወተት ልታሞቅ ወደ ጓዳ ገባች።