በእናቱ ልክ የተሰፋ ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት ለክረምት የሚሆን ወፈር ያለ ቀሚስ ላሰፋ መኪና ግርግር ወርጄ ነበር። ሐረርን የማታውቁ ካላችሁ፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚገባ ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለትም ግራና ቀኝ ተደርድሮ ሲንጫጫ የሚውለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ዛሬ ጫጫታው ቀንሷል። ጉልበቴን እያባበልኩ ወርጄ አንድ ፊቱ ፈገግ ያለ ወጣት ሰፊ ዘንድ ገባሁና ጨርቄን ሰጠሁት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ «እማማ፣ ልክዎን ልውሰድ» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ ደንግጦ።

«ምንም አላጠፋህ የኔ ልጅ፤ ሳይለካ የሚሰፋ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት።

ሥራ ይዞት ስለነበር ማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ሟቹን ባሌን፣ ተፈራን፣ እያሰብኩ ሄድኩ።

የተጋባነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆይቶ ነበር፤ ትቶት የሄደው ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ከባድ መኪና ግን ገና መንገዱን አልለቀቀም ነበር። የኔ አገር ጨርጨር ነው፣ ሂርና አጠገብ። አባቴና የተፈራ አባት በጠላት ጊዜ አንድ ጫካ ያደሩ ወዳጆች ነበሩ። የሱ አባት ሲያርፉ እናቱ እማማ አስካለ «የባሌ ወዳጅ ልጅ እያለችለት ከሌላ አላጋባውም» ብለው ሽማግሌ ላኩ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ጓዳ ሆኜ ማሽላ እለቅም ነበር፤ ሲወጡ የሰው ሚስት ሆኜ ተነሳሁ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እሱም ሃያን ብዙም አላለፈም፤ ጢሙ ገና እንደ በልግ ቡቃያ እዚህም እዚያም ነው። በጥር ተጋባንና በዚያው ከባድ መኪና ላይ ከሚዜዎቹ ጋር ተጭኜ ሐረር ገባሁ። የአለማያን ሐይቅ ስናልፍ አንዱ ሚዜ «ሙሽሪት፣ ውሃውን እዪው እንጂ!» አለኝ። ተሸፋፍኜ ስለነበር ያየሁት የራሴን ጉልበት ብቻ ነው።

ቤታቸው ከሸዋ በር ውጭ፣ የገበያው ጫጫታ የሚሰማበት ቦታ ነበር። አንድ ሰፊ ክፍል አለ፤ ጓዳው የሚለየው በመጋረጃ ነው። በዚያን ጊዜ ሙሽራ አማቷ ፊት አትበላም፣ ድምፅ አውጥታም አትናገርም፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ደጅ መውጣትማ አይታሰብም። እናም እኔ ከመጋረጃው ኋላ ብቻዬን እበላለሁ፣ እነሱ ከመጋረጃው ፊት ለፊት እናትና ልጅ ከአንድ መሶብ ይበላሉ። ተፈራ አንድ ልጃቸው ነው። ሥጋውን ከአጥንት እየለዩ ያጎርሱታል። እሱም እንደ ሕፃን አፉን ይከፍታል። ውሃ ሲጠማው እንኳን «እማዬ፣ ውሃ ስጪው በያት» ይል ነበር። እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ!

ሌሊት አንድ ጣሪያ ስር እናድራለን፣ ነገር ግን ያው ዝምታ ነው። ጠዋት ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሥራው መኪና ግርግር፣ አው ዩሱፍ የሚባሉ አዛውንት የሐረሪ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህ ከኔ ጋር ምላሱ የሚታሰር ልጅ፣ ማታ እናቱ ፊት ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። የቀኑን ወሬ አንድ በአንድ ያወራላቸዋል። ደንበኛውን በድምፁ፣ ባለሥልጣኑን በአረማመዱ፣ አው ዩሱፍን በሳላቸው ሳይቀር ያመጣቸዋል። «ወላሂ ተፈራ፣ ይህ ሱሪ ለኔ ከሆነ ሁለተኛው እግሬ የት ይግባ?» ብሎ አንዱን ደንበኛ ሲያስመስል እናቱ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ እስቃለሁ። ባሌን ያወቅሁት በጆሮዬ ነው ብል አታምኑኝም ይሆናል። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባዬ ይመጣ ነበር። ሌላ ሰው ቤት የሚበላውን ድግስ በአጥር ቀዳዳ እንደማየት ነው።

እንዲህ እያልን ሁዳዴ ጾም ወደ ማለቁ ሲደርስ፣ ለፋሲካ ቀሚስ ሊሰፋልኝ መሆኑን እማማ አስካለ ነገሩኝ። ያን ሰሞን ልቤ ቆመ። «አሁን ልክ ሊወስድ ይመጣል፣ ፊት ለፊቱ እቆማለሁ፣ አንድ ነገር ይለኛል» እያልኩ ስጠብቅ ሰነበትኩ። የለም። አንድ ማታ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባና ለእናቱ ሰጠ። ከኤደን ወደብ በባሕር የመጣ አበባማ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱ ዓይን ይይዛል።

«በይ ልበሺው ሙሽሪት» አሉኝ እማማ አስካለ።

ጓዳ ገብቼ ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው፣ ትከሻው ክንዴ ላይ ወደቀ፣ ጫፉ መሬቱን ጠረገ። ልውጣ አልውጣ ስል ቆይቼ መጋረጃውን ገለጥኩ።

«ኧረ በማርያም! ሁለት ሙሽራ ይገባበታል!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ዞር አሉና፣ «የማንን ልክ ወስደህ ነው ተፈራ?»

አንገቱን ደፋ። «ያንቺን።»

«የኔን?»

«ያው… የማውቀው ያንቺን ነው።»

«የከተማውን ሴት ሁሉ ስትለካ እየዋልህ፣ የራስህን ሚስት ‹ነይ ቁሚ› ማለት አቃተህ? ሚስትህ እኔ ነኝ እንዴ?»

ለቀልድ ነበር ያሉት፤ ነገር ግን ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም። ቀሚሱን እሳቸው ሲሞክሩት ልክክ አለ። «በቃ እኔ እለብሰዋለሁ፣ ለሷ ሌላ ትሰፋላታለህ» አሉ። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ለሰፊ ፋታ የሚሰጥ ጊዜ አይደለም፤ ሌላው ሳይሰፋ በዓሉ ደረሰ። ከመድኃኔዓለም ስንመለስ ጎረቤቶቹ «አስካለ፣ ልጅሽ እንዴት አድርጎ አስጊጦሻል!» እያሉ ሲስሟቸው፣ እኔ በሠርግ ቀሚሴ ከኋላ እከተል ነበር። እሳቸውን አልጠላኋቸውም። በደስታ ፊታቸው ሲያበራ አይቼ እንዲያውም አሳዘኑኝ። ግን እዚያው መንገድ ላይ ወሰንኩ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አባቴ ለመልስ ሊወስደኝ ይመጣል፤ ያኔ እሄዳለሁ፤ ከሄድኩም አልመለስም።

እንዳልኩትም ሄድኩ። አባቴ ቤት ትንሽ ከሰነበትኩ በኋላ ነገሩን አወጣሁት።

«መታሽ?» አለኝ አባቴ።

«አልመታኝም።»

«ሰደበሽ?»

«አልሰደበኝም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም አባዬ።»

ያንን «ምንም» እንዴት ላስረዳው? አባቴ ዱላውን አነሳና «ሽማግሌ ሲልኩ የሚሆነውን እናያለን» ብሎ ተነሳ።

ክረምቱ ገባ። ጨርጨር በክረምት ጉም ትለብሳለች፤ ከቤት እስከ ማሽላው ማሳ ያለው መንገድ እንኳን አይታይም። እኔ ለሽማግሌዎቹ የምመልሰውን ቃል እያዘጋጀሁ፣ እየደጋገምኩ በልቤ እያጠናሁ ጠበቅሁ። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች የምማከረው ሰው አልነበረኝም። አባቴ ቤትም ቢሆን ብቸኝነቱ ተከትሎኝ መጣ፤ ማታ ማታ ጆሮዬ ያንን የተፈራን ድምፅ ይፈልግ ነበር። በራሴ ተናደድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ውሻው ጮኸ። ብወጣ ተፈራ ነው። ብቻውን። ሽማግሌ የለ፣ ሚዜ የለ። የከተማ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ሁለት ጡብ አክሏል። ሮጬ ገባሁና ከበሩ ኋላ ቆምኩ።

አባቴ ተቆጣ። «አንተ፣ ሽማግሌ የለህም? ወላጅ የለህም? ሚስት እንዲህ በእግር መንገድ ተገብቶ ይወሰዳል?»

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ተፈራ። «ሽማግሌ ብልክ የሚያናግረው እርስዎን ነው። እኔ ማናገር ያለብኝ እሷን ነው። እማዬም ሽማግሌ ይሂድ ብላኝ ነበር፤ ልኩን የሳተው ሽማግሌ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት።»

አባቴም «እንግዲያው አናግራት» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ተፈራ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከበሩ ኋላ። ምንም! ያ ከተማውን ሁሉ በአፉ የሚያመጣ ልጅ ቃል አጣ። ጣሪያው ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማኛል። እሱ አሁን ዞሮ ቢሄድ እንዳለቀለት አውቄያለሁ፤ እኔም እንዳለቀልኝ። ያጠናሁት መልስ ሁሉ ጠፋኝና፣ አንተ ልበለው እርስዎ ጨንቆኝ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አልኩ።

እንደ ምንጭ ተከፈተ። ቁልቢን ሲያልፉ መኪናው ጭቃ ያዘው። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ፣ አንድ ወፍራም ነጋዴ ብቻ ጥላውን ዘርግቶ ከተጫነው ጆንያ አናት «ገፍቼ ልሄድ ነው እንዴ የከፈልኩት!» ብሎ አልወርድም አለ። መኪናው ድንገት ወጣና ሾፌሩ መልሶ እንዳይያዝ ፈርቶ ሳይቆም በረረ። «እሱ ብቻውን ጥላ ይዞ እንደ ታቦት ከፊት፣ እኛ እንደ ሕዝብ ከኋላ ስንሮጥ! ‹ሰው ቀርቷል!› እያለ ይጮሃል፣ ጥላው ተገልብጦበታል…» የነጋዴውን ድምፅ ሲያመጣው ሳቄ ፈነዳ። ነጠላም አልጠቀጠቅሁ። ሳቄን ራሴ በመጀመሪያ የሰማሁት ይመስለኛል።

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጥሩነሽ» አለኝ። ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። «ከመጋረጃው ኋላ ስትስቂ እሰማሽ ነበር። ለእማዬ የማወራ እየመሰልኩ ላንቺ ነበር የማወራው። ከሄድሽ ወዲህ ወሬ አለቀብኝ።»

«ታዲያ ለምን ለኔ አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ» አለ። ሌላ ምክንያት አልፈለገም።

አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሳይዞር «ወሬውስ ደግ ነው፤ ኑሮውን እናያለን» አለ።

ተመለስኩ። ሰው መቼም በአንድ ቀን አይበስልም። ተፈራ ከዚያ ወዲህ ራቱን ይዞ ጓዳ እየገባ ከኔ ጋር መብላት ጀመረ። ወሬውንም ለኔ ያወራል። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ጥቂት ቀን። ከዚያ ጆሮዬ የለመደውን መስማት ጀመረ። ከመጋረጃው ወዲያ እማማ አስካለ ብቻቸውን ይበላሉ። ብርጭቆ ሲያስቀምጡ፣ ጉሮሮ ሲጠርጉ ይሰማኛል፤ እኛ ስንስቅ ደግሞ ማላመጣቸውን ያቆማሉ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ የኔ ነበር። ብቸኝነት ከቤቱ አልወጣም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ለተፈራ ልነግረው ስፈራ እሱ ቀደመኝ። አንድ ምሽት ጉርሻውን ሳይጨርስ ትሪውን ብድግ አደረገ።

«ነይ» አለኝ።

«የት?»

«እማዬ ጋ።»

«አማቴ ፊት ልበላ? ነውር ነው!»

«ነውሩ በኔ ይሁን። አንዳችሁ ብቻችሁን ስትበሉ ለኔ አይወርድልኝም።»

መጋረጃውን በክርኑ ገፍቶ ወጣ፤ እኔም ፊቴን ሸፍኜ ተከተልኩ። እማማ አስካለ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ምን መጣ?» አሉ።

«ራት መጣ» አላቸው።

እሱን አዩት። ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ። አንገቱን የሚደፋው ልጅ አልደፋም፤ ትሪውን መሃል ላይ አስቀምጦ ቆመ። በመጨረሻ እሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጠጋ አሉና «ቁጭ በይ እንግዲህ፣ ነውርም ያረጃል» አሉኝ። ባል ያገባሁት ያን ምሽት ነው ብል ውሸት አይሆንም።

«ድሮ ትዳር ይጸና ነበር» ሲባል ስሰማ ምላሴን እይዛለሁ። የኔ መንደር ሴት ልጆች አኩርፈው ወደ አባታቸው ቤት ተመልሰው፣ ማንም ጭቃ ረግጦ ሳይመጣላቸው፣ የሽማግሌ ቃል ብቻ የመለሳቸው ስንት ነበሩ? የጸናው በልቅሶ የጸና ብዙ ነው። እኔ ዕድል ቀናኝ፤ ዕድሉም የመጣው ከስንት ወር በኋላ ነው።

እማማ አስካለ በእጄ ላይ አረፉ። ተፈራም ቀደመኝ። ልጆቼ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ሆነው «እማዬ፣ ነይ ከኛ ጋር ኑሪ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሸዋ በር ገበያው ተበትኖ ጨለም ሲል ቤቴ ጭር ይላል፣ ራቴም አንድ ሳህን ነው። ግን ሰው ከሌለበት ዝምታ፣ ሰው ተቀምጦ የማይናገርበት ዝምታ እንደሚብስ ሁለቱንም ኖሬ አይቻቸዋለሁ። በዛሬው ቢያንስ የምናፍቀው ሰው አለኝ።