ከጎማው ላይ የተፈታው ቀይ ክር

ይህን ጽሑፍ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለ እርሾና ስለ ተዋህሲያን የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘሁትን ብቻ ነው፤ አክስቴ ግን ሃያ ዓመት በአፍንጫዋ አጥንታዋለች። ብሳሳት እንደምታርመኝ ተማምኜ ጀመርኩ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር፣ በትልቅ ጠርሙስ ኮምጣጣ ቢራ ትጠምቃለች። ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ በየዓመቱ ሊጠይቃት ሲመጣ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣና «ይሄ ቢራ ነው ወይስ ቅጣት?» ይላታል። አምና ነገሩ ከረረና ተወራረዱ፦ ዘንድሮ ያልኮመጠጠ ቢራ ካላቀረበችለት ጠመቃውን እርግፍ አድርጋ ልትተው።

ስለዚህ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዝታ ያልኮመጠጠውን ጀመረች። ኮምጣጣውን የሚያጣፍጡት ተዋህሲያን ወደዚህኛው ከተሻገሩ ያበላሹታልና፣ የኮምጣጣው ዕቃ ሁሉ ቀይ ክር ታሰረበት። የአዲሱ ዕቃ ምልክት የለውም።

አንድ ቀን ደንበኛዋ ቀይ ቀሚሷን ልትወስድ በር ላይ ቆማ ሳለ፣ የመጨረሻው ቁልፍ ሳይተከል ክር አለቀ። አክስቴ ደግሞ ክር አለቀ ብላ ደንበኛ የምትመልስ ሰው አይደለችም። ከኮምጣጣው መቅጃ የጎማ ቱቦ ላይ ቀዩን ክር ፈትታ ቁልፉን ተከለችበት። በማግስቱ ያንኑ ጎማ፣ ምልክት ስለሌለው የአዲሱ መስሏት አንስታ፣ አዲሱን ቢራ ከዕቃ ወደ ዕቃ አስተላለፈችበት።

አባቴ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው በአዲሱ ቢራ ላይ ነጭ፣ የተጨማደደ፣ ስስ ሽፋን ታየ። መጽሐፌን ይዤ ሮጥኩ።

«መጽሐፍህ አፍንጫ አለው?» አለችኝ።

«የለውም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዞር በል!» በባትሪ አብርታ አየችው፤ አሸተተችው። «ሻጋታ ቢሆን ጸጉር ያወጣ ነበር፤ አረንጓዴ ወይ ጥቁር። ያን ጊዜ ጠብታ ሳያስቀሩ መድፋት ነው። ይሄ ግን የራሴው ኮምጣጣ ነው። በምን እግሩ ተሻገረ?» ዓይኗ ጎማው ላይ አረፈ። «ወይኔ! ቁልፉ!»

አባቴ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ እውነቱን ነገረችው። «ወንድም ጋሼ፣ ተሸንፌአለሁ። ተበክሏል።»

«ሳልቀምስ አልፈርድም፤ ቅጂ።» ተጎነጨና ቅር አለው። «ይሄ ምኑም አይጥምም! በቅጡ እንኳ አልኮመጠጠም። ያ የድሮው የለም?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ የሰደብከው?»

«ስሰድበው ብርጭቆዬ ውስጥ ጠብታ ተርፎ ያውቃል?»

«ውርርዱስ?» አለች አክስቴ።

«ውርርድማ ውርርድ ነው። ትተዪያለሽ።» ፊቷ ሲጠቁር አየና ቀጠለ፦ «ይሄን አዲሱን ነው የምልሽ! ሁለተኛ እንዳላየው።»

ቀይ ክር ያለበትን ጠርሙስ ጎትታ አወጣች። አባቴ ፊቱን እያጨማደደ ሦስት ብርጭቆ ጠጣ።

ዛሬ ሁለቱም ጠርሙሶች ቀይ ክር ታስሮባቸዋል። አክስቴ በልብስ ስፌት የቤት ኪራይዋንና ቀለቧን ታገኛለች፤ ከቢራው የምታገኘው የወንድሟን የተጨማደደ ፊት ብቻ ነው።