ዜሮ የሰጠኋቸው ሴት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እኔ ታብሌቴን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠይቃለሁ፤ ሴትየዋ ምስር ይለቅማሉ። የወቅቱ ሥራዬ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ሐዘን መለካት ነው። ታብሌቱ ላይ ያለውን መጠይቅ በሌሎች አገሮች ያሉ ሴቶችም በየቋንቋቸው ይጠየቁታል። እያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ አራት ይሰጠዋል። ድምሩ ከተወሰነው መስመር ያለፈ ሴት ከአማካሪ ጋር ትገናኛለች፤ ያላለፈችውን አመስግኖ መሄድ ነው።

የእኚህ ሴት ባል የወሎ ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ጅቡቲ መንገድ ላይ ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ባለፈው ወር በባለቤትዎ ሞት ምክንያት ምሬት ተሰምቶዎት ያውቃል?»

«ምሬት? አላህ በወሰነው ማን ይማረራል፣ የኔ ልጅ? አልሐምዱሊላህ።»

ዜሮ።

«ሕይወት ትርጉም የለውም ብለው ያስባሉ?»

«አስተግፊሩላህ! እንዲህ ተብሎም ይጠየቃል? ማነው ይሄን የጻፈልሽ?»

ዜሮ።

«መሞታቸውን መቀበል ያቅትዎታል?»

«ለምን ያቅተኛል? አራት ወር ከአስር ቀን የሐዘን ኢዳዬን ቤቴ ተቀምጬ ጨርሻለሁ። ሌላስ?»

ሌላውም ዜሮ። በዚያው ሳምንት ሳሪስ አቦ ያገኘኋቸው ክርስቲያን ሴት ግን መስመሩን በሰፊው አልፈው ነበር። ጥቁር ለብሰዋል፣ ሰርግ አይሄዱም፣ ጸጉራቸውን አይሠሩም። «ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ» ብለው ቢስቁብኝም፣ ታብሌቱ ወደ አማካሪ መርቷቸዋል። መለኪያው የሚለካው ሐዘኑን ሳይሆን ወጉን እንደሆነ ያን ቀን ጠርጥሬ ነበር። ቢሆንም የዛሬዎቹን ዜሮዎች ደምሬ «አስቀምጥ» የሚለውን ነካሁ።

«በይ ታጠቢ፣ ምሳ ሳትበዪማ አትሄጂም» አሉኝ።

ቧንቧው ደርቋል። በረንዳው ላይ አንድ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል። አንስቼ እጄ ላይ ዘንበል ሳደርገው ከኋላዬ ጮኹ።

«እሱን ተይው!»

ምስሩ ከነሰፌዱ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወስደው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከዚያ አፈሩ መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የሱ ነው። ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ በሱ ታጥቦ ለሶላት ውዱእ ነው የሚያደርገው። አስር ሰዓት ላይ የትናንቱን ደፍቼ በአዲስ እሞላዋለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከጀሪካን እየቀዱ።

ቢሮ ስመለስ ለኃላፊያችን ነገርኩት። በእድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ ግጥም እንደምጽፍ ስለሚያውቅ ሁሌ ይተርበኛል።

«አንቺ ከማንቆርቆሪያም ግጥም ታወጪያለሽ! የምትሞዪው የመለሱትን ነው፣ ያየሽውን አይደለም።»

«ዜሮዎቹን አልነካም። ታች ያለውን የአስተያየት ሳጥን ልሙላ።»

«እሱን ማንም አያነበውም።»

«አንተ ታነበዋለህ። ካላነበብክ በየቀኑ ጠረጴዛህ ፊት ቆሜ አነብልሃለሁ።»

ሳቀ፤ የምቀልድ አለመሆኔ ሲገባው ግን ሳቁን ተወው።

«እሳቸው ከፈቀዱ ለአማካሪዋ አስተላልፋለሁ። ያለ ፈቃዳቸው ግን አንድ ቃል እንዳላይ።»

በማግስቱ ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ አራቱን ፎቅ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። የመጣሁበትን ነግሬ፣ ታክሲ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስተካክዬ የወደድኩትን ዓረፍተ ነገር አነበብኩላቸው። «በቃላቸው ሰላም ናቸው፤ ማንቆርቆሪያቸው ግን ዛሬም መንገደኛ ይጠብቃል።»

«ውሸት ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ማንቆርቆሪያ ይጠብቃል እንዴ? እኔም አልጠብቅም። መሞቱን አውቃለሁ፣ ከፈኑን አይቻለሁ። አስር ሰዓት ሲሆን ግን ካልሞላሁት እጄን የማደርግበት አጣለሁ። ሌላ ሥራ ብጀምር ይወድቅብኛል። እንደሱ ብለሽ ጻፊ።»

ቅር እያለኝ የኔን አጠፋሁ። የእሳቸውን እንዳሉት ጽፌ መልሼ አነበብኩላቸው።

«ተማረረች ብለሻል?»

«አላልኩም።»

«አበደችስ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ታብሌቱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የሚመጣው አማካሪ ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«ታዲያ ላኪው። ጁምዓ ግን አይሆንም፣ ሐሙስ ትምጣ። ስለ ምሬት ከጠየቀችኝ ግን አስወጣታለሁ፤ እሱንም ጻፊላት።»

እሱንም ጻፍኩላት። ሐሙስ የሚለውን ጨምሬ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ እዚያው በራቸው ላይ ቆሜ ላክሁት።