አንድ ክንድ መሠረት

መጋዘንሽን ዝናብ አፈረሰው የሚለኝ ሰው ዛሬም ቢሆን ፊቴ ባይቆም ይሻለዋል። ዝናብ አይደለም ያፈረሰው። የገዛ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ከጎንደር ከመጣ ግንበኛ ጋር ሆኖ። ታላቄ ስለሆነ አንቱ እለው ነበር፤ ስጽፈው ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል። አባታችን ቄስ ነበሩ፣ ፊደል ያስቆጠሩን እኩል ነው።

ባሌ ከሞተ በኋላ የሚያርስልኝ ስላልነበረ ከይፋግ ገበያ ሽምብራና ኑግ እየገዛሁ፣ ወረታ ላይ በጭነት መኪና ለሚመጡ ነጋዴዎች መሸጥ ጀመርኩ። እህሉ የሚቀመጠው መኖሪያ ቤቴ ውስጥ ነበር። ልጆቼ ከጆንያ ጋር ተጋፍተው ነበር የሚተኙት። ከመንገዱ ዳር መጋዘን ከነሱቁ ለመሥራት ቆረጥኩ። ያለኝን ጥሪት ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያፈሰስኩት፤ ቤቱ ካልቆመ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ደጅ ከመጠጋት በቀር ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

ወጪውን እንዴት እንደምቀንስ ሁለት ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ። ቆርቆሮውን የገዛሁት በነሐሴ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው በሌለበት ወር ነጋዴው ቆርቆሮ ታቅፎ ከሚከርም በርካሽም ቢሆን ይሸጣል። ድንጋዩን ገበሬው አጭዶ ወቅቶ እጁ ሲፈታ በደቦ ከኮረብታው አስወረድኩ፤ ጠላ ጠመቅሁ፣ ንፍሮ ቀቀልኩ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦክቼ ሦስት ሳምንት በየቀኑ አስረገጥኩ፤ በደንብ ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የተገዛ በር ለፊት ለፊቱ ብቻ፣ የጓሮውን የሰፈራችን አናጢ ይሥራው አልኩ። በረንዳ የሚባል ነገር አይኖርም። እህል በረንዳ ላይ አይቀመጥም።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቆጥብም ብዬ ነበር፤ መሠረቱ ላይ። መሬታችን ዋልካ ነው። በበጋ ደርቆ ዶማ ይመልሳል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና የቆመበትን ሁሉ ይገፋል። ጎረቤቴ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር አይቻለሁ፣ ወገብ ላይ ሲደርስ ኮረት፣ ጠንካራ ጠጠር ይገኛል። ኮረት ላይ ያረፈ ግድግዳ አይሄድም። ስለዚህ እስከ ወገብ ይቆፈር አልኩ።

ታዲያ ማን ይስማኝ? ግንበኛው ከሴት ጋር አልዋዋልም አለ። ወንድሜ ከቁሐር ሚካኤል መጣና በእኔ ቦታ ቆመ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ አይደል የሚባለው? ኑግ ልገዛ አንበሳሜ ሄጄ በሳምንቱ ስመለስ መሠረቱ ተሞልቶ ግድግዳው መነሣት ጀምሯል።

«ስንት ወረደ?» አልኩት ወንድሜን።

«እስከ ጉልበት። መሬቱ እኮ ዓለት ነው፣ ዶማ አልገባ አለ።»

«ምነው! በየካቲት ያልደረቀ ዋልካ የት አለ? አንቱ እድሜዎን ያረሱት መሬት ምንድን ነው?»

«ግንበኛው ያውቃል። አንቺ እህልሽን ሽጪ።»

ከመሠረቱ የተረፈው ድንጋይ የት እንደገባ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ ወጥቶለታል። ወንድሜ እዚያ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መንገደኛ እጅ ሊነሳው ነው። ይፍረስ አልኩ። ሽማግሌዎቹ «ወንድምሽን አታዋርጂ» አሉኝና ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታ ራሴንም አልምርም። ቤቱ ሲያልቅ ያየው ሁሉ አደነቀ፤ ውስጡን ለቄስ።

ሐምሌ ላይ አንዱ ማዕዘን ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጣት አስገባ፣ በሳምንቱ እጅ አስገባ፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ግድግዳው ሽምብራው ላይ ተኛ። ጆንያው ራሰ፣ ሽምብራው በቀለ። ገዢ ቀርቶ ለከብት የሚወስድልኝ አጣሁ። ግንበኛው ቀድሞ ጎንደር ገብቷል። ወንድሜ ደግሞ የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ አላከከ።

ሽማግሌ ሲቀመጥ ካሳ ቁረጪ አሉኝ። «ካሳ አልፈልግም፤ ክረምቱ ሲወጣ እሳቸው ራሳቸው፣ በገዛ እጃቸው ይቆፍሩልኝ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወንድሜ አልሳቀም፣ እሺ አለ።

ጥቅምት ላይ ዶማ ይዞ መጣ። በረንዳውን አስፈርሼ ድንጋዩን ከምሬ ጠበቅሁት። የወደቀው ማዕዘን ሥር ገብቶ ቆፈረ፤ ላብ በላብ ሆነ። አላዘንኩለትም። ቀትር ሳይደርስ ዶማው ኮረቱን መትቶ ነጠረ። ወርጄ ከአሮጌው መሠረት ግርጌ ጀምሬ ወደ ታች ለካሁ። ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ፣ አንድ ክንድ። የልጆቼ ጉርሻ ለአንድ ክንድ ቁፋሮ ሲባል ጭቃ ገባ።

«ይኸን አያውቁም ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር» አለ። «የጎረቤትሽን ጉድጓድ እኔም አይቻለሁ። ግንበኛው ‹ሴት ናት እንዴ የምታዝዘን?› ብሎ ሲስቅብኝ በሠራተኛው ፊት አፈርኩ።»

ባያውቅ ኖሮ እምረው ነበር። ዶማውን ከእጁ ወስጄ ከጉድጓዱ እንዲወጣ ነገርኩትና ቀጣዩን ማዕዘን ራሴ መቆፈር ጀመርኩ።