ምንም የማይገባበት ሳጥን

ቲቸር ቴርሞስ ይሉታል። ስም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ተማሪ አንዴ ስም ካወጣ እናት ያወጣችው ስም ወዴት ይደርሳል? የፊዚክስ መምህር ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ይስልና «ይህ የተነጠለ ሥርዓት ይባላል። ሙቀት አይገባበትም፣ አይወጣበትም። ቁስም እንደዚያው። በቃ፣ ለብቻው ነው» ይላል። ሲለው ደስ ይለዋል፤ ዓይኑ ሁሉ ያበራል።

አንድ ዓመት ታዲያ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እንዲህ ያለ ነገር የት ነው የሚገኘው?» ብላ ጠየቀችው።

«የት ማለት? ለምሳሌ… ቴርሞስ!»

«በእኛ ቴርሞስ ጠዋት የሞላነው ሻይ ማታ ይቀዘቅዛል።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ስሙም ያን ዕለት ተለጠፈበት። ሌላ ሰው ቢሆን «ፍጹም የተነጠለ ነገር በወረቀት ላይ እንጂ በዓለም ላይ የለም፤ ቢበዛ ወደዚያ የሚጠጋ ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። እሱ ግን እልኸኛ ነዋ! «ሠርቼ አሳያችኋለሁ» ብሎ ወጣ።

እልኸኝነቱን ለማወቅ የወንድሙን ነገር መስማት ይበቃል። ታላቅ ወንድሙ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ወላጆቻቸው የተዉላቸውን ቤት ሲካፈሉ «ጓሮው ለኔ፣ መስኮቱ ለኔ» ተባባሉና ተኳረፉ፤ መሃል ላይ ግድግዳ ይቁም ተባለ። ለግንበኛ ላለመክፈል ራሳቸው ገነቡት። አንዱ ብሎኬት ሲያቀብል ሌላው ሲደረድር፣ ግድግዳው ጣሪያ እስኪነካ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። እንዲህ ተባብሮ የሚኳረፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ወዲህ ታላቅየው በዚያ ወገን ይጋግራል፣ ታናሽየው በዚህ ወገን «ወንድም የለኝም» ይላል። የጋጋሪው ሚስት ስትሞት እንኳ ለቅሶ የደረሰችው የቲቸር ሚስት ብቻ ናት። እሱ «ራሴን አሞኛል» ብሎ ተኝቶ ዋለ። ይህቺ ነገር እስከ ዛሬ ትጸጽተዋለች።

ሳጥኑን ጓዳ ውስጥ ሠራው። ከውጭ ጣውላ፣ ከጣውላው ውስጥ ፎም፣ ከፎሙ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ውሃ የያዘ ጠርሙስ። በክዳኑ ቀዳዳ በኩል ደግሞ ቴርሞሜትር ሰካበት። ብርድ ልብሱ የሚስቱ ነበር።

«ምንም የማይወጣበት ከሆነ» አለች ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ «ውስጡ ያለውን በምን ልታውቅ ነው?»

«በቴርሞሜትሩ ነዋ።»

«እሱስ አንገቱን አውጥቶ የለም እንዴ?»

«እሱ አይቆጠርም!»

«ብርድ ልብሴስ?»

ፀሐይ የማይነካው፣ ነፋስ የማይደርስበት ቦታ ፈልጎ ፈልጎ ሳጥኑን ከዚያ ከወንድሙ ግድግዳ ጋር አስጠጋው። «ከዚያ ወገን ወደኔ የሚመጣ ነገር የለም» አለ። ይህን የመሰለ ስህተት የሚሳሳተው ያኮረፈ የፊዚክስ መምህር ብቻ ነው።

ውሃው በየማለዳው ይሞቃል። ጥቂት ነው፣ ግን ይሞቃል። ፎም ጨመረበት፤ ሞቀ። የሚስቱን ሁለተኛ ብርድ ልብስ ወሰደ፤ አሁንም ሞቀ። «ምድጃሽን አጥፊው» ብሏት የቀዘቀዘ ምሳ በሉ፤ ውሃው ግን በማግስቱም ሞቀ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ እየተነጫነጨ ግድግዳውን ደገፍ ሲል፣ ግድግዳው እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ለካ የዳቦው ምድጃ ነው!

ደሙ ፈላ። «አየሽልኝ? ቤቴን መካፈሉ አልበቃው ብሎ ሳይንሴ ውስጥ ገባ!»

«ሳጥኑን ወደዚያኛው ጥግ ውሰደዋ» አለች ሚስቱ ዳቦ እየቆረሰች።

«አልወስደውም፤ ስህተቱን ላጠናው ነው» አለ። ዳቦውን ጎርሶም «ከሩቁ ዳቦ ቤት መግዛትሽ ጥሩ ነው። የእነሱ ይጣፍጣል» አላት። እሷ ቀና ብላ አላየችውም፤ ብታየው ሳቋ ያመልጣት ነበር። እዚያ ቤት ከሩቅ የተገዛ ዳቦ ገብቶ አያውቅም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥናቱም ጥናት አልነበረም። ማለዳ ማለዳ ጓዳ ይገባና ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጣል። ግድግዳው ሲሞቅ ያኛው ተነሥቷል፣ ሊጡን አቡክቷል፣ እንጨቱን ማግዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቲቸር ልብሱን ለባብሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው። ይህን ለማንም አልተናገረም፣ ለራሱም ቢሆን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሲያይ ውሃው አልሞቀም። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። ተቀምጦ ጠበቀ። ፀሐይ ወጣች፤ ውሃው ያው እንደ አዳሩ፣ ንቅንቅ የለም።

«ሠራ!» ብሎ ጮኸ። «ነይ እይልኝ! ምንም አልገባ፣ ምንም አልወጣ!» ጓዳው ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለለ። ሚስቱ ቤት የለችም። የሚያቅፈው ሰው ቢያጣ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ግድግዳው በረዶ ሆኗል።

መዳፉን ሳያነሣ ክው ብሎ ቀረ። ያ ሰው ሚስቱን በቀበረ ማግስት እንኳ እሳቱን አንድዷል። ቲቸር አንድ እግሩን ተጫምቶ ሌላውን ረስቶ ወጣ።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰልፏል። ከሁሉ ፊት ዘንቢል ይዛ የቆመችው የገዛ ሚስቱ ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉድ ይፈላ ነበር።

«በሩ አልተከፈተም» አለችው። «ብናንኳኳ ብናንኳኳ መልስ የለም።»

በሩን በትከሻው ገጨው። የመምህር ትከሻ ነው፤ በሩ ምንም አልሆነም። ተሰላፊዎቹ አብረውት ሲገፉ ተከፈተ።

ወንድሙ ከቀዘቀዘው ምድጃ ሥር የዱቄት ከረጢት ተደግፎ ተቀምጧል። እንጨቱን እንደታቀፈ ጉልበቱ ከድቶታል፤ ፊቱ በላብ ርሶ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ገለጥ አደረገ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ወንድም ጋሼ» አለ ቲቸር። ግድግዳው ከቆመ ወዲህ ይህ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ግድግዳው ቀዘቀዘብኝ።»

ከዚያ አለቀሰ። ጭሱ ነው እንዳይል እሳት የለም።

ሚስቱ ሮጣ ሐኪም አመጣች። «ሳንባው ነው። ውሎ ቢያድር ኖሮ እንጃ፤ አሁን ይድናል» አለ ሐኪሙ። መርፌውን ተወግቶ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው አልጋው ላይ ሲረጋጋ ቲቸር አጠገቡ ተቀመጠ። እልህ መቼ በአንድ ቀን ይለቃል!

«ምድጃህን ከግድግዳዬ ጋር አጣብቀህ የሠራኸው እኔን ለማናደድ መሆኑን አውቃለሁ።»

«በወዲያኛው በኩል ብሠራው ጭስ ማውጫው ይቀልልኝ ነበር» አለ ወንድሙ እያሳለ። «ሁሉም ሰው ‹ምን ነካህ?› ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«ያ ጓዳ ብርዳም ነው። አንተ ደግሞ ከልጅነትህ ብርድ አትችልም።»

ዕድሜ ልኩን ስለ ሙቀት ሲያስተምር የኖረው ሰው ተነሥቶ ወደ ምድጃው ሄደና እንጨት ይመርጥ ጀመር። እሳት አንድዶ አያውቅም።

«ደረቁን!» ብሎ ወንድሙ ከአልጋው ጮኸበት። «ደረቁን ነው የምልህ፣ አንተ ፊዚክስ!»